የሦስተኛው ሰፈር እርሾ

ከፋሲካ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ማክሰኞ ጠዋት፣ በሳነቴ ከተማ በሦስተኛው ሰፈር የጥናት ቤት ውስጥ ሦስት ተማሪዎችና አንድ ቡሃቃ ነበሩ። ተማሪዎቹ ሶሬሳ፣ ኢልሃምና ዳጊ ናቸው። ቡሃቃውም ሕይወት ስላለው እንደ ሰው ይቆጠር ነበርና፣ በሩ ላይ የተተከለው ስም ጠሪ መሣሪያ ሦስቱ በገቡ ቁጥር «አራት ተገኝተዋል» ይል ነበር።

የዚያን ዕለትም «አራት ተገኝተዋል» አለ። ሶሬሳ ግን አራተኛው እየሞተ መሆኑን ያውቅ ነበር።

ቡሃቃው ቁመቱ ወገብ የሚደርስ ወፍራም ብርጭቆ ነው። ውስጡ ያለው ፈሳሽ እርሾ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከሊጡ እርሾ ነው፤ ይሄኛው ግን የሚያቦካው ጭንቅላት ነው። ተማሪዎቹ የቀኑን ጥናት ሲጨርሱ ጣታቸውን ወጋ እያደረጉ አንዳንድ ጠብታ ደም ያንጠባጥቡበታል። በእርሾው ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት፣ አእምሮ አንድ ነገር በገባው ጊዜ ወደ ደም የሚለቀውን ቅመም እየለቀሙ ያራቡታል። ጠዋት ደግሞ ሁሉም አንዳንድ ሲኒ ይጠጣሉ። ትናንት ኢልሃም የገባት የፊዚክስ ምዕራፍ፣ ዛሬ ዳጊ መጽሐፉን ሲገልጥ ቀለል ብሎ ይጠብቀዋል። በሳነቴ የሚታመነው እንዲህ ነበር። የሚከራከርም አልነበረም፤ እርሾ የሚጠጡ ተማሪዎች ከማይጠጡት ሁልጊዜ ይበልጡ ነበርና።

አንድ ጠባይ ብቻ ነበረው። እርሾ ከሦስት ሰው ባነሰ ደም አይኖርም። ስለዚህ ማንም ተማሪ የራሱን ቡሃቃ ለብቻው ይዞ መቀመጥ አይችልም። መብለጥ የሚፈልጋቸውን ሰዎች በገዛ ደሙ መመገብ ግዴታው ነው።

ፉክክሩ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ከከተማው የመስታወት ጣሪያ በላይ ከዋክብቱን እየቀደመች የምታልፍ አንዲት ብርሃን ትታያለች። ላይኛው ዩኒቨርሲቲ የሚሏት እሷ ናት። ምድርን እየዞረች የምታስተምር ትልቅ መንኮራኩር ስትሆን፣ በየዓመቱ ከሳነቴ የምትቀበለው በመግቢያ ፈተናው አንደኛ የወጣውን አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ሌላው እዚያው ከተማው ውስጥ ባሉት ትምህርት ቤቶች ይደለደላል። ፈተናውን ከሁለት ጊዜ በላይ መውሰድ አይቻልም። ሶሬሳ አምና ወስዶት በጥቂት ነጥብ ተበልጦ ሁለተኛ ወጥቷል። የዘንድሮው የመጨረሻው ነው።

ኢልሃም የዘንድሮ ገቢ ናት። ዓመቱ ሲጀመር «ይሄ ሰው አለው?» ብላ፣ መልሱን እንኳ ሳትጠብቅ የሶሬሳን ወንበር ስባ ተቀመጠችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየሞዴል ፈተናው ስሟ ከውጤት ሰሌዳው አናት ወርዶ አያውቅም። ሶሬሳን የሚያንገበግበው ግን ውጤቷ ብቻ አልነበረም። አለመድከሟ ነበር። እሱ አንገቱ እስኪደነዝዝ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ይውላል። እሷ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ከመስታወቱ ውጭ ውርጭ ለብሰው የቆሙትን የጅብራ ዛፎች ስታይ ትቆይና፣ ሻሿን እያስተካከለች ተመልሳ እሱን ያቃተውን ጥያቄ መልስ ቁጭ ታደርገዋለች። ብትኮራ ደስ ባለው ነበር። የሚኮራን ሰው መጥላት ቀላል ነው። እሷ ግን አትኮራም። «ሶሬ፣ እስቲ ይቺን እንዴት ነው የሠራሃት?» ብላ እሱኑ ትጠይቀዋለች። ያን ጊዜ አንጀቱ ድብን ይላል።

«አባባ ሶሬሳ!» አለ ዳጊ ሲኒውን ዘርግቶ። ሶሬሳ ፈተና ደጋሚ ከሆነ ወዲህ ዳጊ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። «ቅዳልን እንጂ! እኔ ዛሬ ካልጠጣሁ ኬሚስትሪ ልክ እንደ አክስቴ ነው የሚያየኝ።»

«አክስትህ ደግሞ እንዴት ነው የምታይህ?» አለች ኢልሃም።

«ከላይ እስከ ታች። ከዚያ ቅር ይላትና እንደገና ከታች እስከ ላይ።»

ኢልሃም ከት ብላ ሳቀች። ሶሬሳ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቀዳ። ጀርባውን የሰጣቸው የእርሾውን መልክ እንዳያዩበት ነበር። የደህና ቡሃቃ እርሾ የቅቤ መልክ አለው። ይሄ ግን ገርጥቶ የእጣቢ ውሃ መስሏል።

ነገሩ የሆነው በዋዜማው ነው። ሰፈሩን የሚያሞቀው የከርሰ ምድር እንፋሎት ተቋርጦ የደጋው ብርድ ቤቱ ድረስ ገብቶ ነበር፤ ቡሃቃውንም ብርድ መታው። በዚያ ወር የቡሃቃው ጥበቃ ተረኛ ሶሬሳ ነው። ሙቀቱን መለካት፣ ስኳር ማብላት፣ አናቱ ላይ የሚያቀረውን ውሃ መግፈፍ፣ ጠዋት መቅዳት የእሱ ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ደግሞ የከተማውን ቡሃቃዎች ለሚቆጣጠሩት ተመራማሪ ለዶክተር ስመኝ ወዲያው መንገር ግዴታው ነው።

አልነገረም። ቢነግር ምን እንደሚባል ያውቀዋል። በሳነቴ የእርሾ ነገር በእጅ ነው ይባላል፤ አንዳንዱ ሰው እጅ አለው፣ አንዳንዱ እጁ ይገድላል። «በሶሬሳ እጅ ሞተ» ከተባለ፣ ከ«ሁለተኛ ወጣ» ጋር ተደምሮ ዕድሜ ልኩን የሚከተለው ስም ይሆናል። በዚያ ላይ ኢልሃም «አይዞህ፣ ማንም ላይ ይደርሳል» ትለዋለች። እሱን መስማት ከሁሉ የከፋ ነበር።

ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀረና ጣቱን ወጋ። አንድ ጠብታ ጣለ። ሌላ ጨመረ። እርሾው ትንሽ አረፋ አወጣ። ሕይወት መሆኑ ነው። ሶሬሳ ደስ አለውና ጣቱን ጨምቆ ጨምቆ አንጠባጠበ። ደሙ እስኪወርድ የሚያየው ነገር ሲፈልግ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ሰሌዳ ሄደ። አናቱ ላይ «ኢልሃም» ይላል። ከሥሩ «ሶሬሳ»።

በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። እጁ ቡሃቃው ላይ፣ ዓይኑ ሰሌዳው ላይ።

እርሾው ዳነ። እንዲያውም እንደዚያ ተነሥቶ አያውቅም። ሌሊቱን እየተንተከተከ ክዳኑን ገፍቶ ያድራል። መልኩ ብቻ ወደ ቅቤነት አልተመለሰም፤ እየጠቆረ ሄዶ የወፍራም ሻይ ቀለም ያዘ። ሲቀመስ ይኮመጥጣል፤ ሲዋጥ ደረት ላይ ጥቂት ይቆያል።

መጀመሪያ የተለወጠው ዳጊ ነው። አንድ ጠዋት ገብቶ ሰላም ሳይል፣ «ዛሬ ማነው ቀድሞ የገባው?» አለ።

«እኔ» አለ ሶሬሳ።

«ትናንትስ?»

«እኔው።»

«እሺ» አለ ዳጊ። ቀልድ ሳይጨምርበት ሄዶ ተቀመጠ። በማግስቱ በሩ ሳይከፈት ደጅ ላይ ቁጢጥ ብሎ ተገኘ። ብርዱ ከንፈሩን ሰማያዊ አድርጎት ነበር።

ቀጥላ ኢልሃም ተለወጠች። መስኮቱ ጋ መቆም ተወች። ስትጽፍ የግራ ክንዷን ወረቀቱ ላይ እንደ አጥር ትዘረጋለች። «ይቺን እንዴት ነው የሠራሃት?» የምትለው ልጅ፣ አሁን ሶሬሳ መጽሐፍ በገለጠ ቁጥር ገጹን ለማየት አንገቷን ትሰግጋለች። ጥናት ቤቱ ከወረቀት ድምፅ በቀር የሚሰማበት ነገር አጣ።

ውጤታቸው ግን ወደ ላይ ተተኮሰ። ሦስተኛው ሰፈር እንዲህ ያለ ውጤት አይቶ አያውቅም። ዳጊ እንኳ የሌሎቹን ሰፈሮች ሰቃይ ተማሪዎች በለጣቸው። አንድ ሐሙስ ሰሌዳው ሲበራ የሶሬሳና የኢልሃም ስም ጎን ለጎን ወጣ። እኩል። ሶሬሳ ቀና ሲል ኢልሃም እያየችው ነበር። አስተያየቷን ወዲያው ለየው፤ ከውስጥ ሆኖ ዓመት ሙሉ የተሸከመው አስተያየት ነው፤ በሰው ፊት ላይ ሲያየው ግን የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያን ዕለት በኋላ አመሻሹ ላይ፣ በመስታወቱ ኮሪደር ወደ ቤት ሲሄዱ ከኋላው ጠራችው።

«ሶሬሳ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንዳትስቅብኝ ብቻ።»

«አልስቅም።»

«ስምህ ከስሜ ጎን ሲመጣ እዚህ ጋ አቃጠለኝ።» ደረቷን ነካች። «ጥሩ ስትሠራ ከእኔ የወሰድክብኝ ይመስለኛል። ስትስቅ እንኳ ሳቁ የእኔ የነበረ ይመስለኛል። እኔ እንዲህ አልነበርኩም፤ በአላህ እምልልሃለሁ። እናቴ ‹ምን ነካሽ› እያለችኝ ነው። እህቴ አዲስ ጫማ ተገዛላት፤ ደበቅኩባት።»

«ጫማውን?»

«አንዱን።»

ሶሬሳ ሳቁን ዋጠ። ምክንያቱን ያውቃል ወይም ጠርጥሯል። አፉን ከፍቶ «ቡሃቃው ነው፤ የእኔ ደም ነው» ቢላት ነገሩ እዚያው ባለቀ። ነገር ግን ኢልሃም፣ ያቺ የማትደክመው ኢልሃም፣ በእሱ ቀንታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ፊቱ ቆማለች። ይህን ለማየት ዓመት ጠብቋል። የመጠበቁን ያህልም ጣፈጠው።

«የፈተና ጭንቀት ነው» አላት። «ሲያልፍ ይለቅሻል።»

ደስታው ብዙ አልቆየለትም። የኢልሃም ጠብታ በየምሽቱ እዚያው ቡሃቃ ውስጥ ይገባል፤ የዳጊም እንዲሁ። ሶሬሳ ያፈሰሰው ቅናት በሁለት ሰው ላይ ቦክቶ፣ በእጥፍ ሆኖ፣ ጠዋት በሲኒ ተመለሰለት። አሁን የሚቀናው በኢልሃም ብቻ አይደለም። በዳጊ ብዕር ቀና። የጥናት ቤቱ ጥበቃ ወንበሩ ላይ ሲያንቀላፋ ባየው ቁጥር በእንቅልፉ ቀና። አንድ ጠዋት ከመስታወቱ ውጭ አንዲት ቀይ ቀበሮ አይጥ አሳድዳ ስትይዝ አይቶ፣ በመጀመሪያ ዝላይዋ መያዟ አበገነው። የሚበላው አልጣፍጥ አለው። ያጠናው ግን አንድም አይጠፋውም።

የመግቢያ ፈተናው ሲቃረብ ዳጊና ኢልሃም በመስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተጣሉ።

«እኔ ነኝ ቀድሜ የመጣሁት!»

«ደብተሬን ትናንት አስቀምጬበት ነው የሄድኩት!»

«ደብተርሽ ይፈተንልሻ!»

«አንተማ አክስትህም ንቃህ ነው!»

ዳጊ ፊቱ ተለዋወጠ። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ስም ጠሪው «አምስት ተገኝተዋል» አለ። ዶክተር ስመኝ ናቸው። ከፈተና በፊት ሁሉንም ቡሃቃዎች እየዞሩ ማየት ልማዳቸው ነው። የተጣሉትን አንዴ አዩአቸው፤ ከዚያ ዓይናቸው ቡሃቃው ላይ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው እንዲህ ያጠቆረው?» አሉ። «ማነው ተረኛው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሶሬሳ።

ዶክተሯ ከቦርሳቸው ቀጭን የመስታወት ዘንግ አውጥተው እርሾው ውስጥ ነከሩ። ዘንጉ የደሙን ባለቤት በቀለም የሚለይ መሣሪያ ነው። ሦስት እኩል ቀለበት ማሳየት ሲገባው፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ሆኖ ወጣ፤ ሁለቱ ቀለሞች ጠርዝ ላይ እንደ ክር ቀጥነው ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ቡሃቃ ሳይሆን አንተ ነህ» አሉት።

ሶሬሳ አንገቱን ደፋ። ስለ ብርዱ፣ ስለ ገረጣው እርሾ፣ ሰሌዳውን እያየ ስላንጠባጠበው ደም ሁሉንም ተናገረ። ሰሌዳው ላይ ምን ያይ እንደነበር ሲናገር ድምፁ ስለጠፋ ዶክተሯ ደግመው ጠየቁት፤ ደግሞ ተናገረ።



«ቆይ» አለች ኢልሃም። «ይሄ ሁሉ የእኔ አልነበረም ማለት ነው?» መጀመሪያ ፊቷ ላይ እፎይታ መጣ። ከዚያ ቁጣው ተከተለ። «የገዛ ቅናትህን በሲኒ እየቀዳህ ነዋ ስታጠጣኝ የከረምከው! ኮሪደር ላይ ነግሬህ ‹የፈተና ጭንቀት ነው› አልከኝ!»

«እኔ ደግሞ የራሴ መስሎኝ» አለ ዳጊ፣ «ንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ነበር። ስግደት ታዝዞብኛል። ጉልበቴ አልቋል እኮ፣ አባባ!»

ዶክተር ስመኝ ብዙ አልተቆጡም። ማጣሪያቸውን ተክለው እርሾውን ቀኑን ሙሉ አጣሩት። ጥቁሩ ነገር በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ተቋጠረ። በቡሃቃው የቀረው እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ነበር። «እንግዲህ ንጹሑን ጠጡ» ብለው ብልቃጡን ይዘው ሄዱ።

ጠጡ። በማግስቱ ሶሬሳ ሲነቃ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እንዲህ ተኝቶ አያውቅም። ጥናት ቤት ሲደርስ ሰሌዳውን አየ፤ «ኢልሃም» ይላል፤ «ጎበዝ ናት» ብሎ አሰበና አለፈ። ከዚያ ቆም ብሎ ደረቱን ዳሰሰ። ባዶ ነው። ወንበር የተነሣበት ክፍል ይመስል ነበር፤ ሰፊ፣ ግን የሚቀመጡበት የሌለው።

ሦስቱ ታረቁ። ዳጊ አክስቱን እያስመሰለ አሳቃቸው። ኢልሃም መስኮቱ ጋ ተመለሰች፤ ሶሬሳም አጠገቧ ቆመ። ጅብራዎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብሎ አየ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ቀናት አለፉ።

ችግሩ መጽሐፉ ነበር። ሶሬሳ ገጹን ይገልጣል፣ ያነባል፣ ይገባዋል፤ ግን ወደሚቀጥለው ገጽ የሚገፋው ነገር የለም። ለምን እንደሚገልጠው ይጠፋዋል። ዳጊ መጽሐፉን ከፍቶ ሥዕሎቹን ብቻ ያያል። ኢልሃም እንኳ ጥያቄ ጀምራ መሐሉ ላይ ትተዋለች፤ «ቢቀርስ?» ትላለች። ቀጣዩ ሞዴል ፈተና ሲወጣ ሦስተኛው ሰፈር ከከተማው መጨረሻ ነበር።

ዶክተር ስመኝ ሳይጠሩ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ያቺን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ስህተቱ የሶሬሳ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ። «ያጣራሁትን ስመረምር ነው የደነገጥኩት። እርሾው ውስጥ የመረዳት ቅመም የሚባል ነገር የለም። የዛሬውን አይደለም የምላችሁ፤ ድሮም አልነበረም። ሕዋሳቱ መረዳትን አይበሉትም። የሚበሉትም የሚያራቡትም ቅናትን ነው።»

«እና ስንጠጣ የምንጎብዘው?» አለች ኢልሃም።

«ስለምትቀኑ ነው። ማንም የሌላውን እውቀት ጠጥቶ አያውቅም። እያንዳንዱ የራሱን ነው ያጠናው፤ እርሾው የሰጠው ዕረፍት ማጣትን ነው። ሶሬሳ ያደረገው ነገር ያው በየቤቱ ያለውን ማወፈር ብቻ ነው።» ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አዞሯት። «የሌሎቹንም ሰፈሮች መረመርኩ። ሁሉም ጋ አለ። የሚገርመው ደግሞ ሁሉም ጋ ያለው ሥሩ አንድ ነው፤ የአንድ ሰው።»

«የማን?» አለ ሶሬሳ።

«አይታወቅም። ቡሃቃ ሲጀመር ከሌላ ቡሃቃ አንድ ጭልፋ ተበድሮ አይደል? ወደ ኋላ ብትቆጥሩት ሁሉም የተቀዱት ከተማው ሲመሠረት ከተጀመረው ከመጀመሪያው ነው። በዚያ ቡሃቃ ደማቸውን ካንጠባጠቡት ከሦስቱ አንዱ፣ አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ የበለጠው አንድ ተማሪ ነበረ። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። ይሄኔ ሞቷል። የእሱን ቅናት ነው ከተማው በሙሉ እስከ ዛሬ የሚቀናው።»

ሶሬሳ ብልቃጧን አያት። ያ ሁሉ እንቅልፍ ማጣት፣ ያ ሁሉ መደበን፣ ከአውራ ጣቱ በማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጧል። «ታዲያ የእኔስ?» አለ። «ከዚህ ውስጥ የእኔ የቱ ነው?»

«እርሾ መጠጣት ከጀመርክ በኋላ ያለውን መለየት አልችልም። ደሙን እንጂ ቅናቱን የሚለይ ዘንግ የለኝም።» ብልቃጧን ወደ ልጆቹ ገፋ አደረጓት። «ፈተናው ደርሷል። ከፈለጋችሁ መልሼ እጨምርላችኋለሁ። አልከለክልም፤ ሌሎቹ ሁሉ እየጠጡት እናንተን ብቻ መከልከል ግፍ ነው።»

«ለሌሎቹ አልነገሯቸውም?» አለ ዳጊ።

«አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ላጣራላችሁ ወይ ብዬም ጠየቅኳቸው። አመስግነው ቡሃቃቸውን ከደኑ።»

ሦስቱ ተያዩ። ዳጊ መጀመሪያ ተናገረ። «እኔ ብጠጣም ላይኛው ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ጉልበቴን ባሳርፈው ይሻለኛል።»

«እኔ ጫማውን መልሼላታለሁ» አለች ኢልሃም። «እንደገና ሌባ መሆን አልፈልግም። ግን…» ወደ ሶሬሳ ዞረች። «የመጨረሻ ዕድልህ ነው። አንተ የወሰንከውን እንጠጣለን።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ ቸርነቷ ያነደው ነበር። አሁን የሚነድበት ነገር ፈልጎ አጣ። ብልቃጧን አነሣት። ከጠጣ እንደሚያስብ፣ እንደሚሮጥ፣ ምናልባትም አንደኛ እንደሚወጣ ያውቃል። በዚያች ብርሃን ተሳፍሮ ሳነቴን ከላይ ያያታል። ካልጠጣ ደግሞ መጽሐፉ እንዲህ እንደ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። የሰው ቅናት ይዞ ወደ ሰማይ ከመውጣትና ያለ ምንም ምድር ከመቅረት የቱ ይሻላል? 

«ይቅር» አለ በመጨረሻ። «ለጽድቅ ብዬ አይደለም። የእኔ የሆነ ካለ፣ የቱ እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው።»

ዶክተር ስመኝ ብልቃጧን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

ፈተናው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻው ሞዴል ፈተና ተሰጠ። ያለ እርሾ፣ እየተጎተቱ፣ አንዱ ሌላውን «በል ተነሥ፣ አንድ ገጽ ብቻ» እያለ የተዘጋጁበት ነው። ኢልሃም ከሰፈሩ አንደኛ ወጣች። ወረቀቷን ይዛ መስኮቱ ጋ ሄደችና ጅብራዎቹን ታይ ጀመር፤ አልተቻኮለችም፣ አልደከማትም።

ሶሬሳ ሲያያት ከጎድኑ በታች የሆነ ነገር ቆንጠጥ አደረገው። ትንሽ ነው። ደረቱን አላቃጠለም፣ ዓይኑን አላቀላም። የሚጀምርበትንም የሚያልቅበትንም ያውቀዋል። እንደ እሷ ቆሜ ማየት፣ ተመልሼም መሥራት ብችል ብሎ ተመኘ። ያን ምኞት ማንም በሲኒ አላጠጣውም።

«ኢልሃም» አላት።

«አቤት?»

«ቀናሁብሽ።»

ዘወር ብላ አየችው። «ብዙ?»

«ትንሽ።»

«እልል በሉ!» አለ ዳጊ ከጥግ። «አባባ ሶሬሳ የራሱን ወለደ!»

ኢልሃም እስኪያስላት ሳቀች። ሶሬሳም አብሯቸው ሳቀ፤ ከዚያ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና መጽሐፉን ገለጠ። አንድ ገጽ አነበበ። ቀጥሎ ያለውንም ገለጠ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱም ተፈተኑ። ከሳነቴ ከተማ አንደኛ የወጣው ቡሃቃው ያልተጣራው የአምስተኛው ሰፈር ልጅ ነበር፤ በነሐሴ ወደ ላይኛው ዩኒቨርሲቲ ሄደ። ኢልሃም አራተኛ ወጥታ ከተማው ውስጥ ሕክምና ትምህርት ቤት ገባች። ሶሬሳ አሥረኛ እንኳ ሳይሆን ቀርቶ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመደበ፤ ዳጊም እዚያው። የሦስተኛው ሰፈር ወላጆች ተሰብስበው የተጣራውን እርሾ ደፉት፤ ቡሃቃውን አጥበው፣ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ከአምስተኛው ሰፈር አንድ ጭልፋ እርሾ ተበድረው ጀመሩላቸው።